መጽሐፌን እዚሁ ጎንደር አሳተምሁት፤ ያገኘሁት አገልግሎት ይህን ይመስላል

ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ባለች አነስተኛ ማተሚያ ቤት 300 ቅጂ የእንቆቅልሽ መጽሐፍ አሳትሜአለሁ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ የማመሰግንበትን ያህል የምወቅስበትም ነገር ስላለኝ። በራሱ ገንዘብ መጽሐፍ ሊያሳትም የተነሣ ሰው ግን ከእኔ ገጠመኝ የሚወስደው አያጣም ብዬ ይህን ጻፍሁ።

የመጀመሪያ መጽሐፌን ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ነበር ያሳተምሁት። ቁጥሩ ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል ስለተባልሁ 2,000 ቅጂ አዘዝሁ፤ አብዛኛውን ክፍያ አስቀድሜ ከፈልሁ፤ ናሙና የሚባል ነገር አልጠየቅሁም። መጽሐፉ በጭነት መኪና ጎንደር ደርሶ አንዱን ካርቶን ስከፍት ሙጫው ደርቆ ይሰነጠቃል። ሁለት ጊዜ የተገለጠ መጽሐፍ ቅጠሉ ይረግፋል። እስከ ዛሬ 1,400 ያህሉ ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ጋር ተደርድሮ ይኖራል። የጡረታ ገንዘቤን የበላ መጽሐፍ ነውና ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

ስለዚህ በዚህኛው ቤት ከሁሉ በፊት ልቤን ያሳረፈው፣ ባለቤቱ ዋጋ ከመናገሩ አስቀድሞ ገጼን መቁጠሩ ነው። 148 ገጽ ነበር። «መምህር፣ የእኛ ማሽን በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ስምንት ገጽ ነው የሚያወጣው። 148 ሲሆን የመጨረሻው ወረቀት ግማሹ ባዶ ይቀራል፤ ወይ ወደ 144 ያውርዱት፣ ወይ 152 ያድርሱት» አለኝ። መግቢያዬን በአራት ገጽ አሳጠርሁት፤ መጽሐፉም ተጠቀመ። ቀጥሎ ስለ ፕሌት፣ ማለትም ገጹ ተቀርጾበት ማሽኑ ስለሚያትምበት ሰሌዳ አስረዳኝ። አንድ ፕሌት አራት ገጽ ይይዛል፤ ለ144 ገጽ 36 ፕሌት ያስፈልጋል። የፕሌቱ ወጪ 100 ቅጂ ቢታተምም 1,000 ቢታተምም ያው ነው። የቅጂው ቁጥር ሲጨምር ዋጋው የሚወርደው በዚህ ምክንያት መሆኑን ሁለት መጽሐፍ ካሳተምሁ በኋላ ገና አሁን ተረዳሁ። የሆነ ሆኖ 300 ላይ ቆምሁ፤ አንዱ ቅጂ በ190 ብር ወጣልኝ። ከ300 በላይ በእጄ መሸጥ እንደማልችል አውቃለሁና በርካሽ ዋጋ የሚታተም የማይሸጥ መጽሐፍ አልፈለግሁም።

ውሉን በጽሑፍ አደረግነው። የውስጡ ወረቀት 80 ግራም፣ ሽፋኑ 250 ግራም ሆኖ ላሚኔት የሚደረግ፣ ማለትም በስስ ፕላስቲክ የሚለበጥ፤ ክፍያው ግማሹ በመጀመሪያ፣ ሩቡ ናሙናው ታይቶ ሲጸድቅ፣ ቀሪው በርክክብ ጊዜ። ያለ ማንገራገር ፈረሙ።

አሁን ስለ ገጽ ቀንባሪዋ ወጣት ልናገር፤ ለዚህ ቤት ያለኝ አክብሮት ግማሹ የእርሷ ነውና። የጽሑፌ ከፊሉ ከዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን ከሚለዩበት የጋራ ሥርዓት በፊት በተሠራ አሮጌ ፊደል የተየብሁት ስለነበር በእርሷ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነ። ሁለት ቀን ፈጅታ ወደ ትክክለኛው ፊደል መለሰችልኝ። አራት ነጥብ ከቃሉ ተለይቶ ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ የወደቀባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አስተካከለች። አንድ ቀን ደግሞ ወረቀት ይዛ መጥታ «ይቅርታ መምህር፣ ፀሐይን አንዳንድ ቦታ በጸሎቱ ጸ፣ አንዳንድ ቦታ በፀሐዩ ፀ ጽፈውታል፤ የትኛው ይሁን?» ስትለኝ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማርሁ ሰው ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። ይህ የእርሷ ሥራ አልነበረም፤ ማንም አላዘዛትም።

ናሙናውንም ፕሌት ከመሠራቱ በፊት በሌዘር አትመው፣ ጠርዘው፣ አንድ ሌሊት ቤቴ እንዲያድር ሰጡኝ። ለልጅ ልጄ ሰጠኋት፤ ስትጠይቀኝ ስመልስላት የሁለት እንቆቅልሾች መልስ ተቀያይሮ አገኘን። ማረሙ አንድ ብር አላስከፈለኝም። ፕሌቱ ከተሠራ በኋላ ቢሆን ኖሮ እንደ አዲስ እከፍል ነበር። ናሙና የማይሰጥ ማተሚያ ቤት ምንም ያህል ቢረክስ አትፈርሙ።

ወቀሳዬ ሁለት ነው። ለኅዳር 21 የተቀጠረው መጽሐፍ የተረከብሁት ታኅሣሥ 10 ነው። የመብራት መቋረጥን እረዳለሁ፤ ያስቆጣኝ ግን የሌላ ሰው የካሌንደር ትእዛዝ ከእኔ አስቀድመው ሲያትሙ አንድ ስልክ እንኳ አለመደወላቸው ነው። የምረቃውን ቀን ሁለት ጊዜ ለማዛወር ተገድጃለሁ። ሁለተኛው የሽፋኑ ቀለም ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ደማቅ ቀይ የነበረው ታትሞ ሲመጣ ወደ ቡናማ አደላ። ኮምፒውተር ቀለሙን በብርሃን ነው የሚያሳየው፤ ማተሚያው ደግሞ በአራት ቀለማት ድብልቅ ይሠራዋል። ይህን እያወቁ የሽፋኑን ናሙና በወረቀት አላሳዩኝም።

ሽያጭ የእነርሱ ሥራ አይደለም፤ አይሞክሩትምም። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን ከቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ እነርሱ በጀርባ ሽፋኑ ላይ አስቀመጡት። ቁጥሩን ሽፋኑ ሳያልቅ አውጡት፤ በመጀመሪያው መጽሐፌ ዘንግቼው በኋላ ላስገባው አልቻልሁም። አንድ መደብር 40 ቅጂ ወስዶ ከሽፋኑ ዋጋ 30 በመቶ ይቆርጣል። በ350 ብር ከሚሸጠው አንድ መጽሐፍ 245 ብር ይደርሰኛል፤ የማተሚያው ሲነሣ 55 ብር ብቻ ይተርፈኛል። በእጄ ስሸጠው 160 ይተርፈኛል። ስለዚህ በእጄ ሸጥሁ።

ምረቃውን በድሮ ትምህርት ቤቴ ቤተ መጻሕፍት አደረግሁት። ንግግር አላበዛሁም፤ «እንቆቅልህ» አልሁ፣ ልጆቹ «ምን አውቅልህ» አሉ። መልሱ ሲጠፋቸው «አገር ስጡኝ» አልኋቸው። ጎንደርን፣ አዘዞን፣ ጎርጎራን ሁሉ ሰጡኝ። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ሲሟገቱ 41 መጽሐፍ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ በቴሌግራም በየማታው አንድ እንቆቅልሽ እየለጠፍሁ መልሱን ለነገ አሳደርሁት። በጥር፣ ለጥምቀት ከየአገሩ ዘመድ ለመጠየቅ የመጡ ሰዎች ለልጆቻቸው እያሉ ሦስትም አራትም ወሰዱ፤ ክፍያውን በቴሌብር ተቀበልሁ። የካቲት ሲያልቅ በእጄ የቀረው 22 ቅጂ ነበር።

ፕሌቶቹን ጠቅልለው አስቀምጠውልኝ ስለነበር ሌላ 200 ቅጂ እዚያው አዝዣለሁ። በአዲሱ ውል ላይ ሁለት መስመር አስጨምሬአለሁ፤ አንዱ ቀኑ ሲዘገይ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁኝ፣ ሌላው ሽፋኑ በወረቀት ታትሞ ሳላየው እንዳይቀጥሉ። ባለቤቱ አንብቦ ፈረመ። ትናንት የሽፋኑን ናሙና ሊያሳየኝ ደውሎ ነበር፤ ቀዩ ቀይ ሆኗል።