የኤስተር ካታሊስት ስትገዙ፦ መዳብ ወይስ ሩቴኒየም?

ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ላብራቶሪ ውስጥ የኑግ ዘይትን ወደ ፋቲ አልኮል (ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ያለው አልኮል) ልትቀይሩ አስባችኋል እንበል። ዘይቱን በሜታኖል ሜቲል ኤስተር ማድረጉ ቀላል ነው። ጣጣው ከዚያ ይጀምራል። የኑግ ዘይት በአብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ሰንሰለቱ ላይ ሁለት ድርብ ቦንድ አለ። እነሱን ሳይነካ ኤስተሩን ብቻ በሃይድሮጅን ወደ አልኮል የሚቀይር ካታሊስት (ሂደቱን የሚያፋጥን ነገር) ያስፈልጋችኋል።

ፓላዲየም በካርቦን ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ አለ፣ ግን ሥራውን ይገለብጠዋል። ድርብ ቦንዱን በሃይድሮጅን ይሞላል፣ ኤስተሩን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ይቅር።

መዳብ ክሮማይት ነባር ነው፤ የአሜሪካዊው ኬሚስት የሆመር አድኪንስ ስም ተለጥፎበት ቀርቷል። ርካሽ ነው፣ ሲያልቅ በማጣሪያ ይወጣል። ግን ከ200 እስከ 300 ዲግሪና ከ200 እስከ 300 ባር ይፈልጋል፤ ድርብ ቦንዶቹም አብረው ይሄዳሉ። ፋብሪካዎች ኦሌይል አልኮል ሲፈልጉ ዚንክ ክሮማይት የሚመርጡት ለዚህ ነው። ግፊቱ ግን ያው ነው። ዱቄቱ ርካሽ ነው ብላችሁ ዘላችሁ አትግቡ፤ ያንን ግፊት የሚችለው ኦቶክሌቭ (ሂደቱ የሚካሄድበት የታሸገ ዕቃ) ነው ኪስ የሚያራግፈው። ከዚያ ደግሞ የክሮሚየም ዝቃጭ አለ። ቦርከና ወንዝ ውስጥ አይደፋ ነገር!

እኔ ብሆን ሩቴኒየም እገዛለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የእስራኤላዊው ኬሚስት የሚልስታይን ቡድን በሩቴኒየም ካታሊስት በ115 ዲግሪና ከ6 ባር በታች ኤስተርን ወደ አልኮል ቀየረ። ዛሬ በገበያ ሩ-ማኮ የሚባለው የሩቴኒየም ካታሊስት አለ። ሃይድሮጅኑን ለሁለት ሰንጥቆ አንዱን በሩቴኒየሙ፣ ሌላውን ከሩቴኒየሙ ጋር በተያያዘው ናይትሮጅን ይይዛል። ሁለቱን የሚቀበለው ዋልታ ያለው ካርቦኒል (የኤስተሩ የካርቦንና ኦክስጅን ድርብ ቦንድ) ነው፤ ተራ የካርቦን ለካርቦን ድርብ ቦንድ ብዙም አይማርከውም። ዋጋው እሳት ነው፣ ምርቱ ውስጥ ስለሚሟሟም መልሶ ማውጣቱ ያስቸግራል።

ማንጋኒዝም አለ፤ የጀርመናዊው ኬሚስት የቤለር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 በ110 ዲግሪና 30 ባር አሳይቷል። ማንጋኒዙ ርካሽ ነው፣ ዙሪያውን የሚይዘው ሊጋንድ ግን ያው ውድ ፎስፊን (የፎስፈረስ ውህድ) ነው። ለጊዜው አያጓጓኝም።

ሩ-ማኮ ስታዙ «ቢኤች» የሚል ቅጥያ ያለውን ምረጡ፤ ተጨማሪ ቤዝ አይፈልግም። ተራው ቤዝ ይፈልጋል፤ ኤስተሩ ውስጥ የቀረ ነፃ አሲድ ደግሞ ቤዙን ይበላባችኋል። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት የኤስተራችሁን የአሲድ መጠን ለኩ፣ ኦቶክሌቫችሁም 50 ባር መቻሉን መለያ ሰሌዳው ላይ አንብቡ።