ከታጁራ ወደ ሎጎ ሐይቅ፦ ያገለገለች ሞተር ጀልባ ስንገዛ

እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አሰብ ላይ የጀልባ ሞተር ስጠግን ኖሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ኮምቦልቻ የማክመው ጄኔሬተርና የውሃ ፖምፓ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሐይቅ ላይ ጎብኚ የማመላልስባት ጀልባ አግኝቻለሁ፤ ይምጡና ይዩልኝ» ሲለኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእሱ ይልቅ እኔ ቸኮልኩ።

ጀልባዋ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በጭነት መኪና የመጣች፣ 5 ሜትር ተኩል የምትረዝም የፋይበር ግላስ ሥራ ናት። ኋላዋ ላይ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት የጃፓን ሞተር ተሰቅሏል፤ ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎለት የሚጠጣ። ቀለሟ ትናንት የተቀባ ይመስላል። አዲስ ቀለም የለበሰ አሮጌ ዕቃ ደግሞ አልወድም።

ሻጩ «አብሽር፣ በአንድ ስበት ነው የምትነሣው» እያለ ገመዱን ሊይዝ ሲል የሞተሩን ክዳን ዳሰስኩት። ሞቋል። ከመድረሳችን በፊት አስነሥቶት ነበር ማለት ነው። የሞቀ ሞተርማ ማንም ያስነሣዋል። «ነገ ጠዋት እንመለሳለን» ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ፣ ቀዝቅዞ ያደረውን ሞተር በርሜል ውሃ ውስጥ ነክረን በሰባተኛው ስበት ተነሣ። ሞተሩን አቀዝቅዞ ከጎኑ የሚፈሰው ውሃ፣ አሰብ ላይ «ሽንቱ» የምንለው፣ ቀጭንና የሚቆራረጥ ነበር። የውሃ ፖምፓው ጎማ አልቋል፣ አለዚያም መተላለፊያው በጨው ተደፍኗል። የእኛው ሁለቱም ሆኖ ተገኘ።

ካንዴላዎቹን ፈትቼ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካሁ፦ 118 እና 112። ልዩነታቸው ከ10 በመቶ በታች ስለሆነ ልቤ ረጋ። ከታች ያለውን የካምቢዮ ዘይት ስከፍት ግን ማኪያቶ የመሰለ ነገር ወጣ። ውሃ ገብቶበታል። ፕሮፔለሩን ስናወልቅ ዘንጉ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ተጠምጥሞ የዘይት መከላከያ ጎማውን ቆርጦት አገኘን። ሻጩ ይህን ሲያይ «አብሽር» ማለቱን ተወ።

ገዢ ሁሉ ሞተሩ ላይ ያፈጥጣል፤ እኔ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ እፈራለሁ። በፋይበሩ መካከል እንጨት አለ፤ በብሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፤ ከላይ ግን ምንም አይታይም። በካቻቢቴ እጀታ ከዳር እስከ ዳር አንኳኳሁት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው እንደ እርጥብ ጆንያ ድፍን ይላል። የእኛዋ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ድምፅዋ ወረደ፤ እሱም ከመዳፍ አይበልጥም። ከሥር ጨው ብረቱን እንዳይበላው በምትኩ እንዲበላ የሚታሰረው ዚንክ ላይ ደግሞ ቀለም ቀብተውበታል! ቀለም የተቀባ ዚንክ ምንም አያድንም። (ለሐይቅ ውሃ የሚሻለው ማግኒዚየም ነው፤ ቀይረነዋል።) ይህን ሁሉ ቆጥሬ ከተጠየቀው ዋጋ ላይ 60 ሺህ ብር አስቀነስኩ።

የሳትኩት አንድ ነገር አለ፤ የባሕር ሰው በመሆኔ ነው የሳትኩት። አሰብ ላይ ሞተር ሲደክም ስለ ከፍታ ማን ያስባል? ሎጎ ሐይቅ ግን ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በየ300 ሜትሩ ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ 40 የተባለው ፈረስ ሐይቅ ላይ ሲደርስ 32 ቢሆን ነው። ስድስት ሰው ስንጭን አፍንጫዋን ወደ ላይ ሰቅላ ቀረች። ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር መድረስ የሚገባው ሞተር ከ4,100 አላለፈም፤ ካንዴላውም ጥቀርሻ ለበሰ። በካርቡራቶሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ባነሰ ቀየርን፤ በአንድ ዙር 13 ኢንች ወደፊት የሚገፋውን ፕሮፔለር 11 ኢንች በሚገፋ ተካን። ከዚያ 4,600 ነካ፤ ጀልባዋም ተነሥታ ሄደች።

አሁን አራት ወር ሆኗታል። ሆዷ ሾጣጣ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉን ትቀደዋለች፤ ተሳፋሪው አይረጥብም። ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ጀልባ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። በአንጻሩ ጠዋት ውሃው ጸጥ ሲል ያ ቅርጽ ነዳጅ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም፤ ቄጠማው አጠገብም ሆዷ ጭቃ ይነካል። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚመጡትን ስንወስድ ራቅ አድርገን እናቆማለን። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ ወንዶቹ እስኪመለሱ እነሱን በውሃው ላይ ማዞር የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ገቢ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ያው ሻጭ ደወለ፤ ሌላ ጀልባ መጥታለታለች። ጠዋት በ2 ሰዓት እንደርሳለን፣ ሞተሩን እንዳይነካው አልኩት።