የእማዬ የእንጨት በረንዳና የድሬ ፀሐይ

ታኅሣሥ ላይ ለቁልቢ ገብርኤል ድሬ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። እዚህ ካልጋሪ ያላችሁ የሀገር ልጆች "እንዴት ነበር?" ስትሉኝ ስለ ሆቴልና ስለ ምግብ እንድነግራችሁ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እኔ ግን ግማሹን ጊዜ ያሳለፍኩት ከቀለም ሻጭ፣ ከቀለም ቀቢና ከአናጢ ጋር ነው። ቤተሰብ ቤት የእንጨት ሥራ ልታሠሩ ካሰባችሁ ይጠቅማችኋል። ካላሰባችሁም አንብቡት፤ እማዬ አለችበት።

ከሁለት ዓመት በፊት ከዚራ ባለው ቤታችን ጓሮ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ የእንጨት በረንዳ አሠራሁ። አምስት ሜትር በአራት፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ የፅድ ጣውላ። እዚህ ቤቴ ያለውን አይቼ ነው። እማዬ መጀመሪያ "ሰው በሲሚንቶ ሲኮራ አንቺ ወደ እንጨት ትመለሻለሽ" ብላ ሳቀችብኝ። አሁን ከዚያ የሚያስነሳት የለም። ሰሌኗን ታነጥፋለች፣ ቡናዋን ታፈላለች፣ ጎረቤቱ ጫማውን እያወለቀ ይወጣል።

ያን ጊዜ የቀባልን ሰው ቫርኒሽ ነበር የቀባው። እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር፤ ፎቶውን ለሁላችሁም ልኬያለሁ። ዘንድሮ ስደርስ ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። የኒሙ ጥላ የሚያርፍበት ግማሽ ደህና ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ግማሽ ግን ግራጫ ሆኗል፣ ተሰነጣጥቋል፣ ልጣጩም እግር ላይ ይለጠፋል።

ሰውዬውን ብቻ አልወቅስም። "የሚያብረቀርቅ ይሁን" ያልኩት እኔ ነኝ። ቫርኒሽ ከእንጨቱ በላይ እንደ ቆዳ ነው የሚቀመጠው። እንጨቱ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቆዳው አብሮት መለጠጥ ሲያቅተው ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ ይነሣል። ፀሐይዋም ጥርት ባለው ቫርኒሽ ውስጥ አልፋ የእንጨቱን ገጽ ትበላዋለች። የእንጨቱን ቃጫዎች አያይዞ የሚይዘው ሊግኒን የሚባለው ነገር በአልትራቫዮሌት ጨረር ይፈርሳል። የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ ሲወስደው የሚቀረው ያ ግራጫ ነው። ለቤት ውስጥ በርና ለቁም ሳጥን ቫርኒሽ ጥሩ ነው። ፀሐይ ለሚመታውና ሰው ለሚረግጠው ወለል ግን አይሆንም።

የሚያስፈልገው ስቴይን የሚባለው የእንጨት ቀለም ነው። ስቴይን ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፣ ላዩ ላይ ቆዳ አይሠራም። ስለዚህ ሲያረጅ ይደበዝዛል እንጂ አይላጥም። ከካልጋሪ ይዤ ልሂድ ብዬ አስቤ ነበር። ተቀጣጣይ ነውና በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድም፣ አትሞክሩት። ብሩሽና ባለ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ግን ይዤ ሄድኩ፤ ከወሰድኩት ስጦታ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ወደ ቀለም ሱቆቹ ልምጣ። ከፊራ አካባቢ በባጃጅ ዞርኩ። (ባጃጆቹን ከአምስት አምስት እሰጣቸዋለሁ። አንዱማ የረሳሁትን ብሩሽ ይዞ እስከ ቤት መጣ።) ስቴይን ብዬ ስጠይቅ አብዛኛው ሱቅ ቫርኒሽ ነው የሚያወጣው። አንዱ ሻጭ "ያው ነው፣ አብሽሪ፣ ቲነር ጨምሪበት ይሰርጋል" አለኝ። አይሰርግም፤ ቀጭን ቫርኒሽ ነው የሚሆነው። ሌላው ክዳኑ አንዴ ተከፍቶ የተዘጋ ጣሳ ሊሸጥልኝ ሞከረ። አራተኛው ሱቅ ያለው ልጅ ግን ሥራውን ያውቃል። ጣሳውን ከፍቶ ከሥሩ በእንጨት አማሰለ፣ ቁራጭ ጣውላ ላይ ቀባ፣ "ውጭ አውጥተሽ በፀሐይ እዪው" አለኝ። የሱቅ አምፖል ሥር ያየሁት ቡኒ ውጭ ስወጣ ቀይ ሆነብኝ። ቀየርኩ።

ቀለም ስትመርጡ ጥርት ያለውን ተዉት። ከፀሐይ የሚከላከለው በውስጡ ያለው ቀለም ነው። ቀለም የሌለው ለድሬ አንድ ዓመት ቢቆይ ነው። ድፍኑ ደግሞ የእንጨቱን መስመር ይሸፍናል፤ ሰው በሚረግጠው ወለል ላይም እንደ ተራ ቀለም ይላጣል። መካከለኛው፣ የእንጨቱን መስመር እያሳየ ቀለም የሚሰጠው፣ ሁለት ሦስት ዓመት ይሄዳል። እኔ የወሰድኩት በዘይት የተሠራ፣ ሻይ በወተት የሚመስል ቡኒ ነው። ጥቁር ቡናማው ያምራል፤ ግን ቀትር ላይ በባዶ እግር እርገጡትና ንገሩኝ። ዋጋውን አልጽፍም። ብሩ በ2016 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል።

አሁን ወደሚያናድደው። ዘመድ ያገናኘኝ ቀለም ቀቢ ወጣት ነው፣ ተጫዋች ነው፣ እማዬ በአንድ ቀን ወደደችው። መጀመሪያ ወለሉን በበረኪና አጠበው። "ነጭ ሲሆን እዪው" አለ። እውነትም ነጣ፤ ግን ሲደርቅ የእንጨቱ ገጽ እንደ ጥጥ ጸጉር አወጣ። በረኪና እንጨቱን ራሱን ይበላል። ግራጫን ለማንሳት በኦክስጅን የሚያነጣ ዱቄት ወይም ኦክሳሊክ አሲድ ይሻላል፤ ከዚያ በብዙ ውሃ ማጠብና ማድረቅ። ሁለቱም ካልተገኘ ውሃ፣ ሳሙናና ጠንካራ ብሩሽ።

በማግስቱ ጠዋት ይመጣል ያልኩት ሰው ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ጣውላው ይፋጃል። "ቆይ ይብረድ" ስለው "አቦ አታካብጂ፣ እንዲያውም ቶሎ ይደርቃል" አለኝ። ችግሩም እሱ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል። ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ላዩ ላይ ደረቀ። ብሩሹ የቆመበት ቦታ ሁሉ እንደ ሜዳ አህያ መስመር ሠራ። አንድ ሦስተኛውን እንደቀባ የቀባበትን ጨርቅ ሁሉ ጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ከተተና ምሳ ሄደ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ፌስታሉን ሳነሣው ሞቋል። እሳት የነካው የለም! በዘይት የተሠራ ቀለም ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ ይይዝና በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ይሄን ካልጋሪ ጣሳው ላይ አንብቤ አላምንም ነበር። ጨርቁን አጥር ላይ ለየብቻ ዘረጋሁት።

ልጁ በዚያው ቀረ። ስደውል ቁልቢ መንገድ ላይ ነኝ አለ። እኔም በማግስቱ እዚያው ነበርኩና ምን ብዬ ልቆጣ። ለእሱ ከአምስት አንድ ተኩል፤ ተኩሉ የእማዬ ነው።

ከቁልቢ መልስ ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ አናጢ ከመጋላ ይዛልኝ መጣች። ስማቸውን አልጽፍም፣ ሀጂ ነው የምንላቸው። ወጣት ሆነው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው የሠሩት፣ የፉርጎ እንጨት ሲጠግኑ። መጥተው ምንም አልነኩም። ቡና ጠጡ። ከዚያ በሲኒ ውሃ ጠይቀው በረንዳው ላይ አራት አምስት ቦታ ጠብ ጠብ አደረጉ። ልጁ የቀባው ላይ ውሃው እንደ ሉል ቆመ። ባዶው እንጨት ላይ ወዲያው ሰረገ። "ልጄ፣ የሚጠጣው ይቀባል፣ የማይጠጣው ይፋቃል" አሉኝ። ካልጋሪ ቪዲዮ ላይ የማየው ፈተና ይኸው ነው።

የቀረውን ቫርኒሽና የልጁን ሥራ ሁለት ቀን ፋቁት። ያመጣሁትን ባለ 80 ብርጭቆ ወረቀት በጣታቸው ዳስሰው ወደዱት። ከዚያ የላመ ቢሆን የእንጨቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ ቀለሙ አይገባም። ወጣ ያለውን ምስማር ሁሉ ነቅለው ዝገት በማይዘው ብሎን ለወጡት፤ ብረት ሲዝግ ዙሪያውን ጥቁር ያደርገዋል።

መቀባቱን የጀመሩት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ መዳፋቸውን ጣውላው ላይ አሳርፈው "መዳፌ ካልቻለው ቀለሙም አይችለውም" ብለው ብሩሹን አስቀመጡ። እስከ አሥር ሰዓት ወሬ ነው። ጣሳው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ፤ ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ይላል። ቀትር ላይ ሱቁ የሚዘጋው፣ ሰው የሚጋደመው የድሬ ልማድ ላይ ስንት ዓመት ስንፍና ብዬ ስስቅ ኖሬያለሁ። ለካ ለእንጨት ቀለም ልክ ነው። ካልጋሪ ውስጥ የምንሸሸው በረዶና እርጥበት ነው፤ ድሬ ላይ የሚሸሸው ቀትር ነው።

አቀባባቸውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከእንግዲህ የራሴንም እንዲሁ ነው የምቀባው። ሁለት ሁለት ጣውላ ይይዛሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይጨርሱ አይነሡም። ስለዚህ መሐል ላይ የብሩሽ መስመር አይቀርም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያልሰረገውን በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉታል። እማዬ ይሄን አይታ ጆሮዬ ላይ "በብር የገዛነውን ቀለም እየጠረገ ሊመልሰው ነው?" አለችኝ። ሀጂ ሰሙ። ሳቁና "የተረፈው ካልተጠረገ እንደ ማር ይለጠፍብሻል፣ ሰሌንሽንም ይዞ ይቀራል" አሏት። ባለ 4 ሊትሩ ጣሳ ሃያውን ካሬ አንድ ዙር ሸፍኖ ጥቂት ተረፈ። የተረፈውን ፀሐይ የሚመታው ግማሽ ላይ በስሱ ደገሙበት። ጨርቁንም፣ ሳልነግራቸው፣ አጥር ላይ ዘረጉት።

አንድ ጎረቤት ለምስጥ ብሎ ከሥሩ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንድንቀባ መክሮን ነበር። ሀጂ እምቢ አሉ። "ሰው በባዶ እግሩ የሚቀመጥበት ነው" አሉ። ስቴይንም ቢሆን ምስጥ አያባርርም፤ ይሄን ማንም ሻጭ ቢነግራችሁ አትመኑ። ቋሚዎቹ አፈር እንዳይነኩ ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው፤ የምስጥ መንገድ ሲጀመር እንዲታይ ዙሪያውን ጠረጉ። ፅድ ራሱም ምስጥ ብዙ አይደፍረውም።

አንድ ቀን ሐረር ሄድኩ፣ በሚኒባስ፣ ጥሩ መንገድ ነው። በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የራምቦ ቤት የሚባለውን፣ የሕንድ ነጋዴ ያሠራውን የእንጨት ቤት ቀና ብዬ ሳይ ቀናሁ። ግን ማወዳደር ልክ አይደለም። የቆመ እንጨት ዝናቡን ያወርደዋል፣ ጣራውም ይከልለዋል። የተኛ ወለል ፀሐዩንም ዝናቡንም እግሩንም ብቻውን ነው የሚቀበለው።

ለሀጂ ከአምስት አምስት። ዘግይተው አያውቁም፣ የተነጋገርነውን ዋጋ አልለወጡም፣ ጉርሻውንም በግድ ነው የተቀበሉት። አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ፤ ስልክ አያነሡም፣ በልጅ ነው የሚጠሩት።

ለእማዬ ትቼላት የመጣሁት ትእዛዝ ብዙ አይደለም። አቧራውን በየቀኑ መጥረግ፤ አሸዋ ከእግር ሥር ብርጭቆ ወረቀት ነው። ማጠብ ካስፈለገ ለስላሳ ሳሙና፣ በረኪና በፍጹም። ሰሌኑን ማታ ማንሳት፣ የአበባ ማሰሮ ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ከፍ ማድረግ። በየዓመቱ ለቁልቢ ሰሞን በሲኒ ውሃ ጠብ ማድረግ። ውሃው ከቆመ መተው፤ ከሰረገ አጥቦ አንድ ስስ ዙር መቀባት፣ መፋቅ ሳያስፈልግ።

ባለፈው እሁድ ደወለችልኝ። ዓመት እስኪሞላ አልጠበቀችም፣ በየሳምንቱ ነው ውሃ የምታንጠባጥበው። "ሉል ነው የሚመስለው" አለችኝ። ቀጥላ "በርበሬ ላስጣበት ወይ?" አለች። ቀለሙ ገና ይሸታል፣ አይሆንም አልኳት። ከጀርባዋ የጎረቤታችን ድምፅ "አስጥተሽ የለ እንዴ!" ሲል ሰማሁ።