የሀገር ጨርቅ ጃኬት ከማን ልግዛ? ከዲዛይነር፣ ከሽሮ ሜዳ ወይስ ከቴሌግራም

«ሀበሻ ቀሚስ ያልሆነ፣ ከቱርክና ከቻይናም ያልመጣ ልብስ ከየት ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ አውዳመት ሲቃረብ ይበዛብኛል። የሚፈልጉት ነገር ይገባኛል። ከሸማ የተሰፋ ጃኬት፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ጥበብ ያረፈበት ሰፊ ሱሪ፣ ሰኞ ቢሮ ቅዳሜ ደግሞ ካፌ የሚለበስ ሸሚዝ። እንዲህ ያለውን ልብስ ራሳቸው ቀርጸው፣ ራሳቸው አሰፍተው፣ ራሳቸው የሚሸጡ ዲዛይነሮች አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ሞልተዋል። ጣጣው መምረጡ ላይ ነው። አንዱ ጋ ዋጋው ያስደነግጣል፣ ሌላው ጋ ስፌቱ፣ ሦስተኛው ጋ ደግሞ ብሩ ከገባ በኋላ ስልክ የሚያነሳ የለም።

መንገዶቹ አራት ናቸው። ከዲዛይነሩ ሱቅ የተሰቀለውን መግዛት አለ፣ ዲዛይነሩን በልክ ማሠራት አለ፣ ከሽሮ ሜዳ ጨርቅ ገዝቶ ለልብስ ሰፊ መስጠት አለ፣ ከቴሌግራም ወይም ከቲክቶክ ማዘዝም አለ። ዋጋ በቁጥር አልጽፍላችሁም፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዛሬው ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። ቅደም ተከተሉ ግን ብዙም አይዛነፍም። በልክ የተሠራ የዲዛይነር ሥራ ከላይ ነው፣ የተሰቀለው ይከተላል፣ ሽሮ ሜዳና ልብስ ሰፊ ረከስ ይላል፣ ቴሌግራም ደግሞ ከሁሉም የረከሰውንም ከሁሉም የተጋነነውንም ታገኙበታላችሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ መጀመሪያ ጨርቁን ገልብጡት

ሻጩ ምንም ይበል፣ እጃችሁ ላይ ያለውን ጨርቅ ማወቅ አለባችሁ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ድሩ፣ ማለትም በቁመቱ የሚወጠረው ክር፣ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ነው፤ በአግድም የሚገባው ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ከፍ ማለቱም ያስኬዳል። ወደ ብርሃን አንሱት። እዚህ ጋ ወፈር፣ እዚያ ጋ ቀጠን የሚል ክር ካያችሁ የእጅ ፈትል ነው። ክሩ ሁሉ እኩል ከሆነ የፋብሪካ ነው፣ እሱም መጥፎ አይደለም፣ ብቻ በእጅ ፈትል ዋጋ አትክፈሉት።

ጥበቡንም በጀርባው እዩት። የተሸመነ ከሆነ ክሮቹ ሲመላለሱና ሲቆረጡ የተዉት ምልክት ጀርባው ላይ አለ። ጀርባው ነጣ ብሎ ሥዕሉ ከደበዘዘ ግን የታተመ ነው። ጥበብ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ካጥለቀለቀው ቆይቷል። ርካሽ ነው፣ በማሽን ይታጠባል፣ በአንድ አውዳመት ለሚያድግ ልጅ እኔም እገዛዋለሁ። የሸማኔ ሥራ ነው ተብሎ ሲሸጥላችሁ ግን ወንጀል ነው የሚመስለኝ።

ሌላው የማይነገረው ነገር ስፋቱ ነው። የሸማኔ ጨርቅ ጎኑ ጠባብ ስለሆነ፣ ጃኬት ወይም ካፖርት ሲሆን የግድ መቀጣጠል አለበት፣ ጎበዝና ደካማ ሰፊም የሚለየው እዚያ መቀጣጠያ ላይ ነው። ዚፑን እስከ ላይ ዝጉት። የግራና የቀኙ ጥበብ መስመር ለመስመር ይገጥማል? እጅጌው ትከሻው ጋ ሲደርስ ጥበቡ ተቆርጦ ይቀራል ወይስ ይቀጥላል? አንድ ጣት የሚያህል እንኳ ከተዛነፈ ፎቶ ላይ ባይታይም ለብሳችሁት ስትቆሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ውስጡን ገልብጡና ስፌቱ ጫፍ ጫፉ በኦቨርሎክ መያዙን እዩ፤ ሸማ ላላ ብሎ ስለሚሸመን ጫፉ ካልተያዘ ከጥቂት እጥበት በኋላ መተርተር ይጀምራል።

የተሰቀለው ወይስ በልክ?

ዲዛይነሮቹን በተመለከተ፣ የሀገር ጨርቅ ከአውዳመት ወጥቶ የሥራ ቀን ልብስ እንዲሆን መንገድ ከጠረጉት መካከል ማህሌት አፈወርቅ በ«ማፊ»፣ ፍቅርተ አዲስ ደግሞ በ«የፍቅር ዲዛይን» ይጠቀሳሉ። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረተችው «ለምለም» የሀገራችንን ሸማኔዎች ሥራ ይዞ በዋናነት የሸጠው ውጭ ሀገር ነው፤ አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች እዚህ ካለነው ይልቅ በቀላሉ ታገኙታላችሁ፣ ዋጋው ግን በዶላርም ቢሆን ቀላል አይደለም። ከነሱ በኋላ የመጡት ትንንሾቹ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው በሁለት የስፌት መኪና የሚሰፉት፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ናቸው።

የተሰቀለውን የመግዛት ጥቅሙ ግልጽ ነው። ለብሳችሁ ታዩታላችሁ፣ ጨርቁን ትነካላችሁ፣ ያኑ ቀን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ጉዳቱ ልኩ ነው። ትንሽ ዲዛይነር በየሞዴሉ ከሁለትና ከሦስት በላይ ልክ አይሰቅልም፣ ሰቅሎም አያዋጣውም። ትከሻው ልክ ሆኖ ወገቡ ከሰፋ ግዙት፣ ማስጠበብ ቀላል ነው። ትከሻው ካልሆነ ግን የቱንም ያህል ብትወዱት መልሳችሁ ስቀሉት። ትከሻ መነካካት ልብሱን አፍርሶ እንደ መስፋት ነው፣ ጥበቡ እዚያ ጋ ካለፈ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

በልክ ማሠራት ከሁሉም ውድ ነው፣ ከሁሉም የሚያለፋም ነው፣ ገንዘብ ካለኝ ግን የምመርጠው እሱን ነው። ምክንያቱ ልብሱ ብቻ አይደለም። እናንተን የለካ፣ ልካችሁን ደብተሩ ላይ የጻፈ ሰው ተገኘ ማለት ነው። ዚፑ ሲበላሽ፣ ስትወፍሩ ወይም ስትቀጥኑ፣ ክርን ጋ ሲሳሳ የምትመለሱት እሱ ጋ ነው። ለዲዛይነር የምከፍለው ተጨማሪ ብር ለዚህ ካልሆነ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ። ስንት ጊዜ እለካለሁ በሉ፤ «አንዴ ከተሰፋ በኋላ መጥተሽ ትወስጃለሽ» ካላችሁ በልክ ማሠራት አይደለም። ውስጡ ላይ የስፌት ትርፍ ይተውልኝ በሉ፣ በኋላ ማስለቀቅ የሚቻለው ትርፍ ካለ ብቻ ነው። የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅም ጠይቁ። ያን ቀለምና ያን ጥበብ ሸማኔው ድጋሚ አንድ ዓይነት አድርጎ አያወጣውም፣ ነገ ሲቀደድ የሚለጠፈው እሱ ነው። ቁራጩን ሳይጠየቅ በፌስታል አድርጎ የሚሰጥ ዲዛይነር ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑለት።

ቀለሙንና ጥበቡን መርጣችሁ ለሸማኔ የሚታዘዝ ከሆነ ሳምንታት ይወስዳል። «በሦስት ቀን አደርሳለሁ» የሚላችሁ ሰው አስቀድሞ የተሸመነ ጨርቅ አለው ማለት ነው። ምንም አይደለም፣ ግን የልዩ ትዕዛዝ ዋጋ አይጠይቃችሁ።

ሽሮ ሜዳ

እንጦጦ ሥር ያለውን ገበያ የማያውቅ የለም። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ሥራ በገፍ የሚገኘው እዚያ ነው፣ ምርጫው ከማንም ዲዛይነር ሱቅ ይበልጣል። ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ካላችሁና የምታምኑት ልብስ ሰፊ ካላችሁ፣ በዲዛይነር ዋጋ ሁለት ልብስ ይወጣችኋል ብዬ አምናለሁ። «ካላችሁ» የሚለው ላይ ነው ነገሩ። ሱፍና ፖሊስተር ሲሰፋ የኖረ ጎበዝ ሰፊ ሸማ ሲሰጡት ሊያበላሸው ይችላል፣ ምክንያቱም ጨርቁ መኪናው ሥር ይለጠጣል፣ ቅዱም ይንሸራተታል። መጀመሪያ ቀለል ያለ ነገር አሠሩት፣ ሸሚዝ ወይም ሱሪ። ገበር ያለው ጃኬት ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

አንድ ግዴታ አለ። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ። የእጅ ፈትል ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ከተሰበሰበ ደግሞ ገበሩ ባለበት ይቀርና ጃኬቱ ይጨማደዳል። ቀይና ጥቁር ክር ያለበትን ጥበብ በነጭ እርጥብ ጨርቅ ሻሹት፤ ነጩ ላይ ቀለም ከወጣ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ይለቅባችኋልና ሌላ ምረጡ።

የዲዛይነር ፎቶ ይዞ ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ «ልክ እንደዚህ አድርግልኝ» የሚለው ነገር ሁላችንም የምናውቀው ነው። ኮሌታና ኪስ የማንም አይደለም፣ ተዋሱ። የሰውን ሙሉ ሥራ፣ ጥበቡ የሚያርፍበትን ቦታ ሳይቀር መገልበጥ ግን ደስ አይልም። ውጤቱም ብዙ ጊዜ ያሳፍራል፣ ፎቶው ቅዱን አያሳይማ።

ቴሌግራምና ቲክቶክ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። አንዳንዶቹ ሱቅ መከራየት ያቃታቸው ትክክለኛ ዲዛይነሮች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የሰው ፎቶ ለጥፈው የታተመ ጨርቅ የሚልኩ ናቸው። መለያው ቀላል ነው። «ልብሱን ገልብጠህ ውስጡን በቪዲዮ ላክልኝ» በሉ። ልብሱ እጁ ላይ ያለ ሰው ወዲያው ይልካል። ምክንያት የሚደረድር ከሆነ ተዉት። ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ሙሉውን ቀድሞ መክፈል የለም፣ ሲደርስ አይቶ ነው።

ውጭ ያላችሁ ትቸገራላችሁ፣ ምክንያቱም በሰው ሻንጣ የመጣ ልብስ አይመለስም። ሜሪላንድ ያለች ዘመዴ በኢንስታግራም ያዘዘችው ጃኬት እጅጌው ክርኗን ትንሽ አልፎ ቀረ። ሻጯን ስትጠይቃት «ፋሽኑ እንደዚህ ነው እኮ ማማዬ» አለቻት። የዚህ መድኃኒቱ የሰውነታችሁን ልክ መላክ ትቶ፣ በደንብ ልካችሁ የሆነ ጃኬት አልጋ ላይ ዘርግቶ መለካት ነው። ትከሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ደረት ከብብት እስከ ብብት፣ እጅጌ ከትከሻ ስፌት እስከ ጫፍ፣ ቁመት ከኮሌታ ሥር እስከ ታች፣ ሁሉም በሴንቲሜትር። ኢንች አትላኩ፣ ይምታታል።

እንግዲህ ምረጡ ካላችሁኝ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ የተሰቀለውን ግዙ፣ ጨርቁ ከገላችሁና ከአኗኗራችሁ ጋር መስማማቱን ሳታውቁ ብዙ ብር አታውጡ። በእጅ ማጠብና ጥላ ላይ ማስጣት የማይሆንላችሁ ሰዎች ጭራሽ የእጅ ፈትል አትግዙ፣ የፋብሪካ ክር ያለውን ውሰዱ፣ አትናደዱብኝ። ጨርቅ የምታውቁ ሽሮ ሜዳ ውረዱ። ለብዙ ዓመት የሚለበስ አንድ ጃኬት ወይም ካፖርት የምትፈልጉ በልክ አሠሩ፣ ግን ከዲዛይነሩ ጋር የጥገናውን ነገር ጨርሳችሁ።

ለጥምቀት የምትፈልጉ ኅዳር መጀመሪያ ላይ እዘዙ። ታኅሣሥ ሲገባ የገናው፣ የጥምቀቱና የጥር ሰርጉ ትዕዛዝ አንድ ላይ ሸማኔው ጋ ይደራረባል፣ ያኔ ቀብድ ከፍሎ መለማመጥ ነው የሚሆነው።