የእጅ መለኪያ ወይስ የላቦራቶሪ ጠርሙስ?

ሰሜን ሸዋ፣ ሙሽ ሸለቆን በመሰለ ሊግናይት (ቡናማ ድንጋይ ከሰል) ባለበት ቦታ፣ ከሰሉ ከላይ ተገልጦ ቢወጣ የምንጩን ውሃ በምን እንከታተል?

የእጅ መለኪያው ርካሽ ነው። ፒኤችን (የውሃውን የአሲድነት ልክ) እዚያው ይነግራል። እዚያው መሆኑ ግድ ነው፤ ውሃው ውስጥ የሟሟው ጋዝ ሲወጣ ቁጥሩ ይቀየራል። ግን ፒኤች ብቻውን ያሞኛል። ከከሰሉ ጋር ያለው ፓይራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) አየርና ውሃ ሲያገኝ አሲድና ሰልፌት ይፈጥራል። አሲዱን ዙሪያው ያለው ድንጋይ ሊያረግበው ይችላል። ያኔ ፒኤች ገለልተኛው 7 ላይ ቁጭ ብሎ ሰልፌቱ ሽቅብ ይወጣል። ሰልፌት ሲበዛ ውሃው ኤሌክትሪክ ይበልጥ ያስተላልፋልና፣ ቢያንስ ይህን አቅሙንም የሚለካ መሣሪያ ይገዛ።

ላቦራቶሪው ሰልፌቱን ለይቶ ያወጣል፤ ብረትና ማንጋኒዝንም ጭምር። ጣጣው ግን ብዙ ነው። የብረቱ ናሙና ቀዳዳው 0.45 ማይክሮን (ከሚሊሜትር ሺኛ በታች) በሆነ ማጣሪያ ተጣርቶ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል። የሰልፌቱ ያለ አሲድ፣ በቅዝቃዜ ይጓዛል (ቅዝቃዜው ለደብረ ብርሃን ሰው አይቸግርም)።

እኔ ብሆን መለኪያውን በየሳምንቱ እጠቀማለሁ፣ ጠርሙሱን በክረምትና በበጋ እልካለሁ። ሁለቱንም የምጀምረው ቁፋሮው ሳይነካ ነው።