ሞተር ሳይሆን ካምቢዮ ነው የመረጥኩት፦ የሱዙኪ ሞተር በድሮ ኤም ጂ ውስጥ፣ ከ11 ወር በኋላ

አጎቴ ይህችን መኪና በ1967 ዓ.ም. የገዟት ከወንጂ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ሆላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች ኤም ጂ ሚጅት ናት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ጣሪያዋ ይታጠፋል፤ ክብደቷ 700 ኪሎ አካባቢ ነው። አዳማ መሃል ይዣት ስቆም የባጃጅ ሾፌሮች ቁልቁል ያዩኛል። አልፈርድባቸውም፤ ከእነሱ በታች ነው የምቀመጠው።

የራሷ ሞተር የሞተው ከሶደሬ ስመለስ ነው። አቀበቱ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀይ ውስጥ ገባ፤ እኔም «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብዬ ነዳሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሲነሳ ሁለት ሲሊንደሮች መሃል የፀጉር ያህል ስንጥቅ ታየ። ኮሎውም (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ቶርኖ ቤት ተመላልሶ ተሞርዶ ተሞርዶ የመጨረሻው ልክ ላይ ደርሷል። መካኒኬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ወንድሜ፣ ይሄን ቅበረው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው የሞተር አዋቂ ሆነ። አንዱ የኮሮላ ዲኤክስ ሞተር አለ። መለዋወጫው ሞልቷል፣ የኋላ ጎማ የሚገፋ ነው፣ ካምቢዮውም (ማርሽ የሚቀያይረው ክፍል) አብሮት ይመጣል። ግን ብሎኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና አካል፣ ብረት ነው። ብረት አውጥቼ ብረት ላስገባ? ሌላው የቪትዝ አለ። ይሄኛው አጓጓኝ፤ የ1.5ቱ ሞተር ብሎኩ አሉሚኒየም ነው፣ ቪትዝ ደግሞ እንደ አሸን የፈላ ነው። ችግሩ ቪትዝ ሞተሩን አግድም አስተኝቶ የፊት ጎማ ነው የሚያዞረው። የኔዋ ሞተሩን ቁመቱን አስተኝታ የኋላ ጎማ ትገፋለች። ሞተሩን ማዞር ቀላል ነው፤ ከጀርባው ምን ካምቢዮ ታስራለህ? እዚህ ጥያቄ ላይ ሁሉም ዝም ይላል። የኤሌክትሪክ አድርጋት ያለኝም አልጠፋም።

ሁለት ወር ያህል ስለ ፈረስ ጉልበት ሳሰላ ከርሜ፣ ነገሩ የገባኝ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ፣ የተበተነ ሱዙኪ ሳሙራይ ፊት ቆሜ ነው። ሞተሩ 1.3 ነው፤ ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም። የገረመኝ ግን ካምቢዮው ነው። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሳጥን በአራቱም ጎማ በሚገፉ አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ከካምቢዮው ጋር የተጣበቀ ነው። በሳሙራይ ለብቻው ተቀምጦ በአጭር ዘንግ ይገናኛል። ሳጥኑን እዚያው ትተወዋለህ። እጅህ ላይ የሚቀረው ቀጥ ያለ፣ ትንሽ፣ የኋላ ጎማ ለሚገፋ መኪና የተሠራ የሚመስል ባለ5 ማርሽ ካምቢዮ ነው። ሚጅቷ 4 ማርሽ ብቻ ነበራት። እዚያው ቀብድ ከፈልኩ።

ወደ ጉልበቱ ስንመጣ፣ የድሮው 1275 ሲሲ ሞተር በወረቀት ላይ 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ባለ8 ቫልቩ ሱዙኪም ከዚያ ብዙ አይርቅም። «ታዲያ ምን አተረፍክ?» ይሉኛል። ጎረቤቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ሁለቱንም ሞተሮች ያለካምቢዮ ሚዛኑ ላይ አወጣናቸው። ልዩነቱ 40 ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያን ያህል ጤፍ አፍንጫዋ ላይ ጭኜ ስዞር ኖሬያለሁ ማለት ነው፣ ጤፉን ሳልበላ።

መሪው ላይ ለውጡ የታወቀኝ ከጋራዡ ሳልወጣ ነው። ቆማ እንኳ በአንድ እጅ ትዞራለች። ኩርባ ላይ ድሮ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ትጎትት ነበር፤ አሁን ያሳየኋት ቦታ ትገባለች። ፍሬኑም ምንም ሳንቀይርበት የተሻለ ይይዛል። ያልጠበቅኩት ነገርም መጣ። ፊቷ ሲቀል አፍንጫዋ ወደ ላይ ተነሳ፣ ፓውዛዋም አብሮ። በመጀመሪያው ሌሊት ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት ያበራብኛል፤ አንዱ ባጃጅ ቆሞ ሰደበኝ። በማግስቱ መብራቱን ዝቅ አደረግን።

ሱዙኪው ኢንጄክሽን መሆኑ፣ ማለትም በካርቡሬተር ፋንታ ነዳጁን እንደ አየሩ መጠን ለክቶ መርጨቱ፣ ሌላው ትርፍ ነው። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም ተርቦ (አየር የሚጨምቅለት መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ይብሳል። ሁለቱ ካርቡሬተሮች ለአዳማ ከተስተካከሉ አዲስ አበባ ስደርስ ነዳጁ ይበዛባቸውና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። አሁን ያን 85 ኪሎ ሜትር የፍጥነት መንገድ በ5ኛ ማርሽ እወጣዋለሁ፣ ካንዴላውም ቡናማ ነው፤ ነዳጁ በልኩ እየነደደ ነው ማለት ነው። በአንድ ሊትር ከ9 ኪሎ ሜትር ወደ 13 ገብቻለሁ።

አሁን ወደሚያናድደው። በዚህ 11 ወርና 7,400 ኪሎ ሜትር ውስጥ መንገድ ላይ የቆምኩት ሁለቴ ነው። የመጀመሪያው በነዳጅ ነው። ኢንጄክሽን የተሻለ ግፊት ያለው ፓምፕ ይፈልጋል። አዲሱ ፓምፕ በ50 ዓመት ታንከር ውስጥ የተኛውን ዝገት ሁሉ ሳበው። ማጣሪያውን በመጋዝ ቆርጠን ስንከፍተው ውስጡ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ታንከሩን ሳታጥቡ ሞተር አትቀይሩ። ሁለተኛው የሞተር ሱፖርት፣ ሞተሩን ይዞ የሚያስቀምጠው ጎማ፣ ነው። ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ቆርጠን ነበር የሠራነው፤ ብልህ የሆንን መስሎን። በሦስተኛው ወር ተቀደደ፤ ሞተሩ ተንጋዶ ማርሽ አልገባ አለ። የሱዙኪውን ገዝተን ገላገለን።

ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ተቆርጦ ተበየደ፤ በደንብ እስኪመዛዘን ድረስ ከ80 በላይ መቀመጫው ይንቀጠቀጥ ነበር። ኮፓውም (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ከታች ስለነካ ተቆርጦ ተሠራ። ሞተሩና ካምቢዮው የጠቅላላ ወጪዬን ግማሽ እንኳ አልበሉም። የቀረውን የበሉት ቶርኖ፣ ብየዳና ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ደግሞ ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር እንደሚጻፍ አትርሱ። ሰነድ የሌለው ሞተር ቢረክስም አትንኩት። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁትን የተሻለ ሞተር በዚህ ምክንያት ትቼዋለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

የአዳማ ንፋስና አቧራም አለ። የአየር ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ አራግፋለሁ። የድሮው ሞተር ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በሰንሰለት ነበር፣ ይሄ በቺንጋ ነው፤ ቺንጋው ምን ያህል እንደሠራ ስላልታወቀ ገና ሳይገጠም ቀየርነው።

አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቷል። በሳሙራይ የፍጥነት መለኪያው ገመድ የሚነሳው እዚያው ከተውኩት ሳጥን እንጂ ከካምቢዮው አይደለም። ስለዚህ ቆጣሪዬ 11 ወር ሙሉ ዜሮ ላይ ነው፤ ፍጥነቱንም ኪሎ ሜትሩንም የሚነግረኝ ስልኬ ነው።

ባለፈው እሁድ አጎቴን አስቀምጬ ወደ ወንጂ ወረድን። ሞተሩ ሲነሳ ፊታቸው ጠቆረ። «ድምፅዋስ?» አሉኝ። የድሮዋ ታጉረመርም ነበር፤ ይህቺ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው። ምን ልበል? ዝም አልኩ። ሸንኮራው መሃል ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስንደርስ ማርሹን እንዲይዙ አደረግሁና «ጋሼ፣ አሁን ወደ ቀኝ ወደ ላይ ይግፉት» አልኳቸው። ገፉት። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ፣ መኪናዋ ግን አልዘገየችም።

«አምስተኛ አላት እንዴ?»

«አላት።»

ቆጣሪው ላይ ጎንበስ ብለው አዩ። «ዜሮ ነው የሚለው» አሉ፤ ቀጠሉና «ይሁን፣ አክስትህ ከጠየቀች እሱን ነው የምንነግራት።»