የእጅ ሽመና ወይስ የፋብሪካ ህትመት?

ለበዓል ሽሮ ሜዳ ስንሄድ ሁለት የሐበሻ ቀሚስ ጎን ለጎን ተሰቅሎ እናያለን፤ አንዱ በእጅ የተሸመነ፣ ሌላው ጥለቱ በማሽን የታተመበት ፖሊስተር። ጠርዙን ገልብጡት። በሽመናው የጥለቱ ክር ከድሩ ጋር ተጠላልፎ በጀርባም ይታያል፤ የህትመቱ ጀርባ ግን ፈዛዛ ነው።

ህትመቱ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ብዙ ልጅ ለምታለብስ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለምና የገዛችውን አልወቅስም። ግን ከዚያ ዋጋ እንዝርት ለምታሾረው ሴት፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያ ሲወረውር ለሚውለው የዶርዜ ሸማኔ አንድም ብር አይደርስም። ይህን ባለሙያ ደግሞ «ቁጢት በጣሽ» እያልን ስንሰድብ ኖረን፣ ጥበቡን ለሠርጋችን ለብሰናል። ያሳፍራል።

ሽመናውም ቢሆን ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም። ከጋሞ ደጋ «ትማራለህ» ተብለው አዲስ አበባ የመጡ፣ በደብተር ፈንታ ሽመና ላይ የዋሉ ሕፃናት አሉ። ስለዚህ «በእጅ የተሠራ» መባሉ ብቻውን አይበቃኝም።

እኔ በየበዓሉ ህትመት ከመቀያየር አንድ ሽመና ገዝቼ ዓመታት መልበስን እመርጣለሁ። ስገዛም «ማን ሸመነው? ስንት ተከፈለው?» እላለሁ። ሸማኔውን በስሙ የሚያውቅ ነጋዴ ካገኘሁ ዋጋ አልከራከርም።